ጋሽ ሸምሱና ተቀምጠው ደሞዝ የሚበሉት ተጫዋቾች

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ላፍቶ፣ የለቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊቴ ያለውን ሰው በማጅራቱ አወቅኩት።

ትምህርት ቤት አራት ዓመት ከኋላው ተቀምጬ ያየሁት ማጅራት ነው። ነስሩ።

እውነቱን ልናገር፤ ከሰልፉ ወጥቼ ልሸሽ ነበር። አባቱ ጋሽ ሸምሱ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔ ግን ለቅሶ አልደረስኩም። ያኔ ከከተማ ውጭ ነበርኩ። ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ... ነገ፣ ቅዳሜ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ስል ወር ሆነ። ከወር በኋላ በምን ዓይን ይኬዳል? ስልኩን አውጥቼ ስሙን አይቼ የመለስኩበትን ጊዜ አልቆጥረውም።

ዞር አለ።

«አሰልጣኝ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ቦርጬን አየ።

አሰልጣኝ ነበርኩ እኮ። ሁለታችንም ነበርን። ጋሽ ሸምሱ ላፍቶ ውስጥ የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራቸው። እሳቸው ለሶላትና ለምሳ ሲሄዱ እኛ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሱቁን እንጠብቃለን። ኮምፒውተሩ ላይ ማን እንደጫነው የማይታወቅ ጌም ነበር። አይጫወቱበትም፤ ቡድን ያስተዳድሩበታል። ተጫዋች ትቀጥራለህ፣ ታባርራለህ፣ አሰላለፍ ታወጣለህ፣ ከዚያ ውጤቱን ታነባለህ። ቡድናችን የፊንላንድ ፕሮፌሽናል ክለብ ነበር፤ የከተማውን ስም እስከ መጨረሻው በትክክል አልጠራነውም። ስፖርቱ... የበረዶ ሆኪ፤ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ ግብ የሚያስቆጥሩበት። እኛ በረዶ የምናውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው።

ጨዋታው ሦስት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሁለቱን እንመራለን። ሦስተኛው ላይ እንፈርሳለን። ሁልጊዜ። ጥፋቱ የበረኛው ነው ብለን ሦስት በረኛ አባረርን።

ጋሽ ሸምሱ ከምሳ ሲመለሱ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ከኋላችን ይቆማሉ።

«በረዶዎቹ ዛሬስ?»

«ተሸነፉ፣ ጋሼ።»

«እነዚህ ታች የተደረደሩት ምንድን ናቸው?»

«ተቀያሪዎች።»

«ደሞዝ ይበላሉ?»

«ይበላሉ።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጣቸዋል? አስገቧቸው እንጂ!»

እኔና ነስሩ ተያይተን እንስቃለን። «አባዬ ደግሞ! ተቀያሪ እኮ ለክፉ ቀን ነው።» እግር ኳስ ያደግንበት ነዋ... ተቀያሪ ሰው ሲጎዳ፣ ወይ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው የሚገባው። ጌሙ «አራት ረድፍ ሙሉ፣ በየረድፉ አምስት ሰው» ይለናል፤ እኛ አራቱንም ረድፍ በእነዚያው አምስት ስሞች እንሞላለን። ምርጦቹ እነሱ ናቸዋ።

ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ «እግዜር ያጽናችሁ» የሚለውን አፌ ውስጥ አገላብጠዋለሁ... ዓመት ያለፈው ቃል፣ አልወጣ አለኝ።

«አባዬ ልክ ነበር» አለ ነስሩ ድንገት።

«በምኑ?»

«በተቀያሪዎቹ። ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል፣ እንዲሁ ስልኬ ላይ የእውነቱን ጨዋታ ከፍቼ አየሁ። ሰውዬ፣ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆዩም! የሜዳውን አጥር ዘለው ይገባሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ፣ ሌላው ረድፍ ይተካል። ሁሉም ይሠራል። እኛ ስልሳ ደቂቃ ሙሉ አምስት ሰው ስናስሮጥ... ገደልናቸው እኮ!»

«በረኞቹስ?»

«ሦስቱም ንጹህ ነበሩ!»

ሳቅን። ረዳቱ ዞሮ እስኪያየን፣ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ነስሩ ሳቁን አቆመና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

«ለማን ልንገረው? ለእናቴ? ለሚስቴ? ከአንተ በቀር የሚገባው ሰው የለም። ያን ሰሞን በር በሩን ሳይ ነበር።»

ስድብ ይሻለኝ ነበር።

«ነስሩ... እኔ...»

«ወራጅ አለ!» አለ።

ለቡ መብራት ኃይል ደርሰናል። የእኔ መውረጃ ገና ነበር፤ ግን ተከትዬው ወረድኩ። እናቱ ቤት በር ላይ ስንደርስ ቆምኩ።

«ዓመት ካለፈ በኋላ ምን ተብሎ ይገባል?»

«ምንም አይባልም። ግባ ብቻ።»

እናቱ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። እጃቸው ላይ እርጥብ አንሶላ እንደያዙ ቆመው ብዙ አዩኝ።

«ያ የበረዶው ልጅ አይደለህ?» አሉ። «ሸምሱ ምሳ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ የሚያነሳህ...»

ወር አስቤ፣ ዓመት አስቤ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋ። አንሶላው መሀላችን እንዳለ አቅፌያቸው አለቀስኩ። እሳቸው ጀርባዬን እየመቱ «በቃ፣ በቃ» ይሉኛል... ማን ማንን ሊያጽናና እንደሄደ እንጃ።

ሸሚዜ ርሶ ወጣሁ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር... ግን ጋሼ፣ ዓመት ሙሉ የተቀመጠው ተቀያሪ ገብቷል።