ሰማያዊውን ጊታር ያጣጣልኩበት ቀን

መርካቶን እጠላለሁ። እዚያው ተወልጄ ስላደግኩ የመጥላት መብት አለኝ። ግፊያው፣ ጩኸቱ፣ “ወንድሜ ምን ልስጥህ?” እያለ እጄን የሚጎትተው ደላላ፣ ሁሉም ደሜን ያፈላዋል። ግን ጊታር ስፈልግ የት አባቴ ልሂድ? ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ።

የፈለግኩት ደግሞ ዝም ብሎ ጊታር አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰርግ ቤት ከኪቦርዱ ኋላ ቆሜ፣ ማንም ሳይሰማኝ ጊታር ስጫወት ኖሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰርፍ የሚባል ሙዚቃ ለከፈኝ። ማዕበል ላይ በጣውላ የሚንሸራተቱ ሰዎች ሙዚቃ ነው። ብዙውን ጊዜ ዘፋኝ የለውም፤ የሚናገረው ጊታሩ ነው። ጓደኞቼ “ባሕር በሌለበት አገር?” ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! እኔ ዋና እንኳን አልችልም። አንድ ጊዜ፣ ከመሞቴ በፊት፣ ጊታሬ ብቻውን ሲናገር መስማት ነው የፈለግኩት።

ለዚህ ሙዚቃ የሚያጓራ ጊታር አይሆንም። የገመዱን ድምፅ የሚቀበለው ፒካፕ ቀጭን መሆን አለበት፣ ድምፁ ጥርት እንዲል። ድምፁን የሚያወዛውዝ ዘንግም ያስፈልገዋል። መርካቶ ያለው ግን ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ሹል፣ ሁሉም የሚያብለጨልጭ። አራት ሱቅ ዞርኩ። አንዱ ሻጭ “ጊታር ጊታር ነው፣ ምን ታካብዳለህ?” አለኝ። በጥፊ ባጮልኩት እንዴት ደስ ባለኝ!

አምስተኛው ሱቅ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ነው፤ ስፒከርና ማይክ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠውበታል። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ጊታር ተሰቅሏል። ቀጫጭን ፒካፕ አለው፣ ዘንግም አለው። ልቤ ዘለለ። ፊቴን ግን ወዲያው አጨፈገግኩት።

እናቴ ጤፍ ቸርቻሪ ነበረች። እህል በረንዳ ይዛኝ ስትሄድ “የወደድከውን ዕቃ ስደበው፣ ዋጋው ይወርዳል” ትለኝ ነበር። ምርጡን ማኛ ጤፍ “ይሄማ ገለባ ነው” ብላ አጣጥላ በርካሽ ትገዛዋለች። ነጋዴውም አይቀየማትም። እሱም ሲገዛ እንደዚያው ነው የሚያደርገው።

“ጋሼ፣ ያንን አሮጌ እስቲ ያውርዱልኝ” አልኳቸው።

አወረዱት። በጨርቅ ጠረጉትና ራሳቸው ከአንድ ትልቅ አምፕሊፋየር ጋር አገናኙልኝ፤ ውስጡ የሽቦ ሞላ ያለው፣ ድምፁን የሚያስተጋባው ዓይነት ነው። ገመዱን መታሁት። ወይኔ! ድምፁ ርጥብ ብሎ ወጣ። ዘንጉን ጫን ሳደርገው እንደ ማዕበል ተወዛወዘ። በሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ድምፅ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ሽማግሌው አገጫቸውን ደግፈው ይሰሙኛል።

“ስንት ነው?” አልኩ፣ እንደማይፈልግ ሰው።

“አንተ ስንት ትላለህ?” አሉኝ ለስለስ ብለው።

እዚህ ላይ ነበር አፌን መቁረጥ። “ምን ዋጋ አለው ብለው ነው ጋሼ? ድምፁ ቆርቆሮ፣ አንገቱ ጠማማ! ሲጫወትበት የነበረውም ሰውዬ ጊታር አያውቅም። እንጨት ፈላጭ መሆን አለበት።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እጃቸውን ሰደዱና ሶኬቱን ነቀሉት።

“ወንድሜ ነው” አሉ። “ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ለሚጫወትበት ሰው ስጥልኝ ብሎኝ ነው የሰቀልኩት።”

ያን ጊዜ አፈርኩ ብል ውሸት ነው። የቀደመኝ ንዴት ነው። ታዲያ መጀመሪያ አይነግሩኝም? “ለዋጋው ብዬ ነው እኮ!” ብዬ ጮህኩባቸው። “መርካቶ አይደለም እንዴ ያለነው?”

“አውቃለሁ። ስትጫወት ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ስንት ትላለህ ያልኩህ፣ አንድ ብር ብትለኝም ልሰጥህ ነው።”

“በቃ፣ ያሉትን ልክፈል!”

“ለአንተ አይሸጥም።”

ለመንኳቸው። እምቢ ሲሉኝ ሰደብኳቸው። “ግትር ሽማግሌ!” እያልኩ፣ መንገደኛው ቆሞ እያየኝ፣ እየተንጨረጨርኩ ወጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ስረግማቸው ከረምኩ። እሳቸውን ስረግም ግን ጆሮዬ ላይ ያለው ያው ድምፅ ነው።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቅ ተመለስኩ። አዎ፣ እኔ! ግድግዳው ባዶ ነው።

“ሸጡት?”

“ሰጠሁት። ትናንት አንድ ሰው መጥቶ ሞከረው።”

ቀናሁ። “ከእኔ ይበልጣል? ጥሩ ይጫወታል?”

“ኧረ ገና መማሩ ነው፣ ምንም አይችልም” አሉኝ። “አንዴ ነካ አደረገውና ግን፣ ‘እንዴት ደስ ይላል!’ አለኝ።”