የሼህ ይመር ጠፍር

የልጅ ልጆቼ አጥሩን በሜትር ሲለኩ "እማማ፣ ድሮ በምን ነበር? ንገሪን" አሉኝ። በበሬ ቆዳ ጠፍር ነዋ!

አባቴ እንደሞተ አጎቴ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለውን ማሳችንን ልካፈል ብሎ መጣ። ለእናቴ ሃያ ጠፍር፣ የተረፈው ለእሱ ተባለ። እናቴ ዓይኗን ማሳው ውስጥ ካለው ምንጭ ላይ አልነቀለችም፤ ምንጩ ወደ እሱ ከሄደ ውሃ አይኖረንም።

ጎረቤታችን ሼህ ይመር ሲለኩ ጫፉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጠፍሩ እጄ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ያዳልጣል። ሃያኛው ምንጩን አልፎ አረፈ።

አጎቴ የያዘውን መጥረቢያ አነሳ። "ይሄ ጠፍር ረዝሟል!"

"ጠፍር እንዳንተ ቦርጭ ያድጋል እንዴ፣ አንተ?" አሉት ሼህ ይመር።

ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። መጥረቢያው ቀስ ብሎ ወረደ።

እርጥብ ቆዳ እንደሚለጠጥ፣ ሼህ ይመርም ጠፍሩን ሁለት ቀን ሐይቁ ውስጥ ዘፍዝፈውት እንደነበር፣ እሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ሚስታቸው ናቸው የነገሩኝ።