ከቁጥሩ ላይ እጁን የማያነሳ ሰው

ወርክሾፑ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ለሌላው ሁሉ «ዜሮ» ነው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዘው ብረት መቁረጫ፣ ሚሊንግ ማሽን ላይ ሮታሪ የሚሉት፣ ብረቱን ነክሶ የሚያዞር ክፍል አለ። የሚዞርበት መሃል የት እንደሆነ በቁጥር ካልተነገረው ማሽኑ ዕውር ነው። ዜሮ የመለኪያ ሰዓቱን እግር ዘንግ ላይ ያስነካል፣ ያነባል፣ ግማሽ ዙር ያዞራል፣ ደግሞ ያነባል፤ ልዩነቱን ለሁለት አካፍሎ ቁጥሩን ለማሽኑ ያስገባል። መርፌዋ በሁለቱም በኩል እኩል ስትቆምለት «ዜሮ!» ብሎ ይጮኻል።

ይህን ከእሱ በቀር የሚችል የለም። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የዜሮ ባለቤት ነርስ ናት። ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር ልጆቹን ይዛ ሄደች። እዚያም የወርክሾፑ ቅርንጫፍ ስላለ ዜሮ ዝውውር ጠየቀ። አለቃው አልከለከለውም። «ካንተ ሌላ አንድ ሰው ሮታሪውን አስተካክሎ የሠራው ዕቃ ምርመራ ይለፍ፤ በማግስቱ ሻንጣህን አንሣ» አለው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተማረ፣ ስንቱ ወደቀ። ዜሮ ማታ ማታ አንድ አልጋና የልጆች ጫማ የቀረበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል።

«ልጆችህ አባታችን የሚኖረው ስልክ ውስጥ ነው እያሉ ነው» ትለዋለች ባለቤቱ።

«ምን ላድርግ? የሚችል ሰው ጠፋ!»

በመጨረሻ የተመደበችለት ቶርኖ ማሽን ላይ ጸጉሯን ያስሸበተች፣ ምላሷም እጇም የማያርፍ ሴት ነበረች። ዜሮ እትዬ ይላታል።

«እትዬ፣ ቀስ! መርፌዋን አታስደንግጫት።»

«ኧረ ተወኝ ወንድሜ፣ መርፌ ነች እንጂ ሙሽራ አይደለች!»

በፈተናው ጠዋት ዜሮ ቀድሞ ገባ። እትዬ ግን ከሱም ቀድማ ቁጥሯን አስገብታ ጥሬ ብረቱን ልታመጣ ወደ መጋዘን ሄዳለች። ዜሮ ስክሪኑን አየ። ቁጥሩ እሱ በቃሉ ከሚያውቀው በጥቂት ይለያል። ዛሬም ልትወድቅ ነው፣ እኔም እዚሁ ልቀር ነው አለ በሆዱ። ግራ ቀኙን ቃኘና የሷን ሰርዞ የራሱን ጻፈ። ማንም አላየውም። እትዬም ተመልሳ ቁጥሩን ዳግም ሳታይ ሥራውን ጀመረች።

ዕቃው ከሁለት ወገን ተበስቶ ቀዳዳዎቹ መሃል ላይ የሚገጥሙ የፓምፕ ቁራጭ ነው። መርማሪው ቀጭን ዘንግ ሰደደበት። ዘንጉ እኩሌታው ላይ ተገትሮ ቀረ።

«አልገጠመም» አለ መርማሪው።

እትዬ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «ሦስቴ ነው የለካሁት! ትናንት ማታ ራሱ ከሥሩ ብናኝ ሞልቶት አገኘሁና ሮታሪውን ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አሰርኩት። ቦታውን ቀይሯል ብዬ እንደ አዲስ ለካሁ እኮ!»

ዜሮ አሁን ገባው። ሮታሪው ከቦታው ከተነሣ፣ እሱ በቃሉ የያዘው ቁጥር የድሮው ነው። የሷ ልክ ነበር። ዝም ቢል እሷም ወደቀች፣ እሱም ከነልጆቹ ናፍቆት እዚያው ቀረ። ቢናገር ደግሞ... የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ትዝ አሉት። ከእያንዳንዳቸው በኋላ «ለማንኛውም» እያለ ገብቶ ቁጥሩን ነክቷል። በራሱ እጅ ስንቱን ጥሎ ይሆን? በሩን ሲዘጋ የኖረው ራሱ ይሆን?

«እኔ ነኝ» አለ። «ቁጥሯን ቀይሬዋለሁ።»

እትዬ የያዘችውን ጨርቅ ወረወረችበት።

«አንተ! ሰው ስታሳድግ ነው ወይስ ስታሰናክል የኖርከው?»

አለቃው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እንደገና ትሠራለች። አንተ ግን ውጭ!»

«አለቃ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ልቁም...»

«ውጭ አልኩህ እኮ። እጅህን አላምነውም።»

በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ። ዜሮ ግቢው ውስጥ፣ የዛገ በርሜልና የተቆለለ ብረት መሃል ቆመ። ሮታሪው ሲዞር ይሰማዋል። ቆመ። ዞረ። አሁን እያነበበች ነው። ለሁለት አካፈለች ወይስ ረሳች? መደመር ሲገባት ቀንሳ ይሆን? እጁ ሳያስበው በሩን ገፋ፤ በሩ አልተነቃነቀም። ጆሮውን ለጠፈበት። መቁረጫው ብረቱን ነከሰ። ይህን ሁሉ ዓመት እንደዚህ ታስሮ አያውቅም፤ ያውም ደጅ ላይ።

እትዬ ዕቃውን በጨርቅ ይዛ ወጣች፤ ሳታየው አልፋ ወደ መርማሪው ክፍል ገባች። ጥቂት ቆይቶ የመርማሪው ድምፅ መጣ፤ «አለፈ!»

ዜሮ ተከትሏት ሮጠ። «እትዬ፣ ስንት አስገባሽ?»

«ምን አገባህ? አለፈ ተባለ አይደል?»

«ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ። በሞቴ!»

«ሂድ ሻንጣህን እሰር» አለችና ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ማታ ለባለቤቱ ደወለ። አለቃው ፈርሟል፣ ልመጣ ነው አላት። ከወዲያ ልጆቹ ሲጯጯሁ ተሰማ።

«ታዲያ ድምፅህ ምን ሆነ? ደስ አላለህም እንዴ?»

«ብሎኛል» አለ። «ቁጥሩን ግን አልነገረችኝም።»