ጨርቅ የሚለካው ማውስ

ወልቂጤ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ሥራ የገባሁ ቀን ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ አስቀመጡኝ። ከተማው በኮብልስቶን ንጣፍና በጥቃቅንና አነስተኛ ስብሰባ የተወጠረበት ዘመን ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የመጣሁት ጥገና ልማር ነው። የጥገናውን ጠረጴዛ ስጠይቅ፣ «ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ» አሉኝ። ቀስ ማለት አልፈጠረብኝም። በየሳምንቱ እጠይቃለሁ፤ በየሳምንቱ ያው መልስ።

አንድ ቀን ሐጂ ነስሩ የሚባሉ የቡታጅራ ጨርቅ ነጋዴ መጡ። ደንበኛ ሁሉ «ሜትሩ ጎደለ» እያለ አስመርሯቸዋል። የጨርቅ ጣቃው ሲዘረጋ ሜትሩን ቆጥሮ በቁጥር የሚያሳይ ማሽን ፈለጉ። ጋሽ ደምሴ ማንንም ሳይጠይቁ «ይሠራል» አሉ። ሐጂ እንደወጡ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ፕሮግራም መጻፍ ስለማመድ አይተውኛል።

«ትችያለሽ?»

«ኳስ ባለው ማውስ ይሞከራል። ጨርቁ ከሥሩ ሲሳብ ኳሷ ትዞራለች፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ይቆጥራል።» ማይክሮኮንትሮለር የምንለው ፕሮግራም የሚጫንበትን ትንሽ ሰሌዳ ነው።

«ከሠራ ጠረጴዛው ያንቺ ነው። ካልሠራ ፎቶ ኮፒሽ ላይ ትቀመጪያለሽ፤ ሁለተኛ እንዳትጨቀጭቂኝ።»

በማግስቱ አዲስ ማውስ ገዝተው መጡ፤ ከሥሩ ቀይ መብራት ያበራል፣ መሰኪያው ዩኤስቢ ነው። ሰሌዳችን ከዩኤስቢ ማውስ ጋር አይግባባም፣ ክብ መሰኪያ ያለው አሮጌው ነው የሚያስፈልገን አልኳቸው።

«ማውስ ማውስ ነው» አሉኝ።

ጓሮ ከተከመሩት የሞቱ ኮምፒውተሮች መሀል ገብቼ ባለ ኳሱን ማውስ ራሴ አወጣሁ።

ገመዱን ቆርጬ ስልጠው አራት ሽቦ ወጣ፦ ኃይል፣ ኔጌቲቭ፣ ዳታ፣ እና የዳታውን ምት የሚጠብቀው ክሎክ። ከኢንተርኔት ቤት ያሳተምኩት ሥዕል የየትኛው ቀለም ምን እንደሆነ ይናገራል። እንደ ሥዕሉ ከሰሌዳው ጋር በየድኩ። ዝም። ፕሮግራሙን ደግሜ ጻፍኩ። ዝም። መብራት ጠፋ፣ መጣ፤ አሁንም ዝም። ተናድጄ ቴስተር አነሳሁና ከቆረጥኩት መሰኪያ እግር እስከ ሽቦው ጫፍ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። የማውሱ ፋብሪካ ቀለሙን እንደፈለገ አድርጎታል። ዳታና ክሎኩን ሳቀያይር ስክሪኑ ላይ ቁጥር መሮጥ ጀመረ።

ማሽኑን ወስደን ቡታጅራ ሐጂ ሱቅ ገጠምነው። ቁጥሩን ወደ ሜትር ለመቀየር ልኩ የታወቀ ጨርቅ ያስፈልገኛል።

«ሐጂ፣ አምስት ሜትር ይቁረጡልኝ» አልኩ።

በእንጨት ሜትራቸው ለክተው ቆረጡልኝ። በማሽኑ አሳለፍኩትና ይሄ አምስት ነው ብዬ ፕሮግራሙ ላይ አስገባሁ። ከዚያ ሐጂ ያልተነካ ጣቃ አወጡ። ፋብሪካው ሠላሳ ሜትር ብሎ የጻፈበት ጣቃ ማሽኑ ላይ ሃያ ስምንት ሆነ።

«ወላሂ ይሄ ነገር ጨርቄን ይበላል» አሉ ሐጂ።

ጋሽ ደምሴ እኔን አዩኝ። «ንቀይው። ፎቶ ኮፒሽ ይሻልሻል።»

የእንጨቱን ሜትር ተቀብዬ የተቆረጠልኝን ጨርቅ ለካሁት። ከአምስት ያልፋል።

«ሐጂ፣ ይሄ አምስት ነው?»

«አምስት ነው፣ ከነምራቂው።»

«ምራቂ ማን ጠየቀዎት?»

«ይጠየቃል እንዴ? ባዶ አምስት ለሰው ይሰጣል? ለአንቺማ ልጄ ስለሆንሽ ጨመር አደረግኩልሽ።»

«ለማሽን እኮ ነው የቆረጡት።»

«የተቀበልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ማሽኑ ሁሉን ያሳነሰው ረጅሙን ጨርቅ አምስት ነው ብዬ ስላስገባሁበት ነው። ትርፉን በመቀስ ቆርጬ አዲሱን ልክ አስገባሁ። ያው ጣቃ ሠላሳ ሆኖ ወጣ። ሐጂም ማሽኑ ከቆጠረ በኋላ ምራቂውን በእጃቸው መጨመራቸውን አልተዉም።

ወልቂጤ ስንመለስ ጋሽ ደምሴ ስለ ጠረጴዛው ትንፍሽ አላሉም። ወንበሬን አንስቼ ሄጄ ተቀመጥኩበት።

«ፎቶ ኮፒውን ማን ያነሳል?» አሉ።

«ሰው ይቅጠሩ።»

አልቀጠሩም። ለረጅም ጊዜ ሁለቱንም እኔ ሠራሁ።

ለዚህ ሥራ አዲስ የሆናችሁ፣ ሽቦን በቀለሙ አትመኑ፤ በቴስተር ፈትሹ። መለኪያ ስታስተካክሉ ደግሞ ልኩን ደንበኛው አይቁረጥላችሁ። ራሳችሁ ለኩ።