በወለድ አግድ የያዝኩት ቤት

እስቲ ወገኖቼ፥ ዛሬስ ታገሡኝ። ሦስት እሑድ እጄን አነሣሁ፤ ሦስቴም ሰዓት አለቀ ተባልኩ። ዛሬ መሪያችን "አዱኛ፥ ብታሳጥር ይሻላል" ብሎ ፈቅዶልኛል። ማሳጠር እንኳ አልችልበትም። ጌታ ያደረገልኝን ውጬ ቁጭ ማለት ግን ጨርሶ አልቻልኩም። ስሙ ይባረክ!

አዱኛ ብላ ስም ያወጣችልኝ እናቴ ናት። እኔም ስሜን አምኜ ኖርኩ። መጀመሪያ በአዘዞ መስመር ሚኒባስ እነዳ ነበር። ኋላ ማኪናዋን ሸጥኩና ወደ ቤት ንግድ ገባሁ። ሥራዬ ወለድ አግድ ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አንድ ሰው ችግር ያጋጥመዋል። እኔ ገንዘብ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ቤቱን ያስረክበኛል። እኔ ወለድ አልጠይቀውም፤ እሱም ኪራይ አይጠይቀኝም። ገንዘቤን እስኪመልስ ድረስ ቤቱ ውስጥ እኖራለሁ፥ ካሻኝም አከራየዋለሁ። አባቶቻችን የሚያውቁት ደንብ ነው። ክፋቱን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። በውሉ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር አስገባ ነበር፦ "በተባለው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ገንዘቡ ካልተመለሰ ቤቱ እንደተሸጠ ይቆጠር።" የቸገረው ሰው እስከ መጨረሻ አያነብማ! በዚያች መስመር አራት ቤት ወስጃለሁ። ክፍሉን በኮምፖርሳቶ ለሁለት እከፍልና ለተማሪዎች አከራያለሁ። ሰው "ጎበዝ ነጋዴ" ሲለኝ ደረቴን እነፋለሁ። ጌታ ሆይ፥ እንዴት ታገሥከኝ!

አያ ተገኘ ያውና መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። አያ፥ ምነው አቀረቀሩ? ዛሬ አያመልጡኝም! እሳቸው ትክል ድንጋይ የሚባለው አገር ሰው ናቸው። አዘዞ ላይ፥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፥ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ነበራቸው። ባለቤታቸው ታመው ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ሲባል ቤቱን በወለድ አግድ ሰጡኝ፥ በሁለት ዓመት ውል። ሴትዮዋ ጌታ ይመስገን ዳኑ። ሁለቱም ገንዘቤን እስኪያጠራቅሙ ትክል ድንጋይ ወንድማቸው ዘንድ ተጠጉ።

እኔ ደግሞ እንደዚያ ቤት የተመኘሁት ነገር የለም። ግቢው ስምንት ክፍል ይወጣዋል ብዬ በልቤ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ውሉ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሁለት ቆፋሪዎች ቀጥሬ የሽንት ቤት ጉድጓድ አስጀመርኩ። በሰው ግቢ፥ ወገኖቼ! ሚስቴ አልጋነሽ "ሰውየው ገንዘቡን ይዘው ቢመጡስ?" አለችኝ። "ከየት አምጥተው!" አልኳት።

የመጨረሻዋ ቀን ደረሰች። ክረምት ነው፤ መሬቱ ውሃ ጠግቧል። ቆፋሪዎቹ "አራት ሜትር ደርሰናል" ብለው ምሳ ሊበሉ ሄዱ። ክፍያው በሜትር ነው፤ እኔ ደግሞ ሰው አላምንም። ዋሽተውኝ ይሆናል ብዬ ሜትሬን ይዤ በመሰላል ወረድኩ። ልብ በሉልኝ፥ ግማሽ ሜትር እንዳይበሉኝ ብዬ ነው ወደ መቃብሬ የወረድኩት!

ታች ሆኜ ስለካ "አዱኛ! አዱኛ፥ አለህ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል አያ ተገኘ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል። ሰማያዊ ፌስታል ወደ ላይ አንሥተው "አምጥቻለሁ! በሬዎቼን ሸጥኩና ሞላልኝ!" አሉኝ። ፊታቸው በደስታ ያበራል። እኔ ግን፥ እውነቱን ልናገር፥ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። "ቆዩ፥ እመጣለሁ" ብዬ መሰላሉን ስይዝ የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደ።

አፈሩ እስከ አገጬ ዋጠኝ። እጄ የለም፥ እግሬ የለም፤ ትንፋሼ በቀጭኑ ነው የሚገባ። ከላይ አፈሩ ገና ይፈርሳል። "እኚህ ሰውዬ አሁን ይሄዳሉ" አልኩ በልቤ። እኔ ብሆን እሄድ ነበራ! እሳቸው ግን "ኧረ የሰው ያለህ!" ብለው ጮኹና ጫማቸውን አውልቀው ወረዱ። መጀመሪያ በእጃቸው፥ ኋላ ወድቆ ባገኙት የቀለም ቆርቆሮ አፈሩን ከደረቴ ላይ ያነሡ ጀመር። እያነሡም ይጸልያሉ፦ "ጌታ ኢየሱስ፥ ዛሬ አትውሰድብኝ። ገና አላወቀህም። እባክህን ዛሬ አትውሰድብኝ።"

ወገኖቼ፥ ስለ እኔ ማንም እንደዚያ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። ያውም ቤቱን ልነጥቀው ጉድጓድ የቆፈርኩበት ሰው! ክብር ለስሙ ይሁን!

ጎረቤት ደርሶ በገመድ አወጡኝ። አያ ተገኘ በባጃጅ ደግፈውኝ ሆስፒታል ገቡ፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ከአልጋዬ አጠገብ ነበሩ። ከወገቤ በታች ያለው አካሌ ጨርሶ አይሰማኝም። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን አየና "አከርካሪህ ተጎድቷል። ትሄዳለህ ብዬ ልዋሽህ አልችልም" አለኝ።

በማግስቱ አልጋነሽ፥ የሆነውን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ፥ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ "አዱኛ፥ ቀኑ አልፏል" አለችኝ። "ገንዘቡን በእጅህ አልተቀበልክም። ፌስታሉን ያየ ሰው የለም። ቤቱ የእኛ ነው።" እያለቀሰች ነው። "አንተ ካልተነሣህ በምን እንኖራለን?" ክፉ አይደለችም፤ ያችውና ከመዘምራኑ ጋር ቆማለች። ፈርታ ነው። ያለችውም ልክ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም ካልኩ ቤቱ የእኔ ነው። ከአልጋ ላልነሣ ነገር፥ ከያዝኳቸው ቤቶች ሁሉ የሚያኖረኝ እሱ ነበር።

ከሰዓት አያ ተገኘ ብርቱካን ይዘው መጡ። ጥፍራቸው ተገንጥሏል፤ ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔው አላስችል አለኝ።

"አያ ተገኘ፥ ምነው አወጡኝ? ብሞት ኖሮ ቤቱ የአንቱ ነበር።"

ሳቁብኝ። "ብትሞትማ ከሚስትህ ጋር ልከራከር ነው? እሷስ ከአንተም ትብሳለች!"

"ፌስታሉስ?"

"እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ነው።"

"ሲወድቅ ሳያዩት ቀሩ?"

"አይቼዋለሁ እንጂ" አሉኝ። "ያለኝ ሁለት እጅ ነው፥ ልጄ።"

እዚያች ላይ ተሰበርኩ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ለካ እኔ ራሴ በወለድ አግድ የተያዝኩ ቤት ኖሬያለሁ! ሌላ ገብቶ ይኖርብኛል፤ እኔ በገዛ ቤቴ አላዝም፤ መክፈያም የለኝ። አያ ተገኘ አፈር ያቆሰለውን እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው "ዋጋህን የከፈለልህ አለ፤ ቤቱን አስረክበው" አሉኝ። እኔም "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፥ ግባ" አልኩ። እግሬ በድን እንደሆነ ነው ይህን ያልኩት። ልቤ ላይ ግን እንዴት ያለ ሰላም! ሃሌ ሉያ!

የውሉን ሁለት ምስክሮች አስጠራሁ። "ፀሐይ ሳትጠልቅ አምጥተው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አልኩ። ውሉን ከቤት አስመጥቼ ልቅደደው ብል እምቢ አለኝ። ለካ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ላሚኔት አስደርጌዋለሁ! አልጋነሽ ከነርሷ መቀስ ለምና መጣችና፥ እንባዋ እየወረደ፥ ራሷ ቆራረጠችው።

በሦስተኛው ቀን ቆፋሪዎቹ ፌስታሉን አገኙት። አያ ተገኘ የረጠበውን ገንዘብ አምጥተው አልጋዬ ላይ ዘረጉት። "ይቅር፥ አልቀበልም" ብላቸው ተቆጡ። "ዕዳዬ ነው፤ ተቀበል። ቁፋሮው ግን በነጻ ነው" አሉኝ። የታከምኩት በዚያ ገንዘብ ነው።

ወንድሞች እየመጡ እጅ ጫኑብኝ። አንድ ሳምንት ምንም የለም። ሌላም ሳምንት ምንም የለም። አንድ ጠዋት አልጋነሽ እግሬን እያጠበችኝ "ምነው ውሃው እንዲህ ቀዘቀዘ?" አልኳት። ጆጉ ከእጇ ወደቀ።

"ምን አልክ?"

"ይበርዳል አልኩሽ!"

እሷም እልል፥ አስታማሚውም እልል! ሐኪሙ እየሮጠ መጥቶ የእግሬን ጣት በመርፌ ቢነካኝ ጮኽኩ። "እኔ ይህን አልጠበቅሁም" አለ፤ ደጋግሞ ወጋኝ፥ እኔም ደጋግሜ ጮኽኩ። ወገኖቼ፥ እንደዚያች መርፌ ደስ ያለኝ ነገር የለም! አምላኬ፥ ምን ልበልህ? ግራ እግሬ እንደምታዩት አሁንም ይጎተታል። ግድ የለም፤ ሲጎተት ያስታውሰኛል።

ንግዴን አልዘጋሁም። ዛሬም አከራያለሁ፥ ለተቸገረም አበድራለሁ፤ ያች መስመር ግን የለችም። የወሰድኳቸውን አራት ቤቶች ባለቤቶች ፈለግኋቸው። ሁለቱ ቤታቸው ገብተዋል። ከሦስተኛው ጋር እየተነጋገርን ነው። አራተኛው ስልኬን አያነሣም፤ እውነቱን ነው። ጸልዩልኝ።

አሁን ልቀመጥ ነው፤ መሪያችን ሰዓቱን እያየ ነው። ዛሬ እዚህ ከመጣችሁት በገዛ ቤቱ የማያዝ ሰው ካለ፥ በራሴ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ፤ ጌታን ጥሩት። እሱ ለመውረድ ጭቃ አይጸየፍም። ፀሐይዋም ገና አልጠለቀችም።

አዲስ የመጣችሁ ደግሞ ያ ጉድጓድ የት ነው ትሉ ይሆናል። አያ ተገኘ በድንጋይ ሞልተው ደፈኑት፤ ግቢያቸውን ለጸሎት ሰጡና ይህ አዳራሽ በላዩ ተሠራ። እስከ አገጬ የተቀበርኩት እዚህች ላይ ነው፥ ከዚህ ሲሚንቶ ሥር። ተመልከቱኝ፥ በሁለት እግሬ ቆሜባታለሁ።