ባለ ቡሎን ቆርቆሮው

ሰውዬው ያረጀች የሩሲያ ጂፑን እያስፏጨ መጥቶ፣ ከሞንጎሊያ ዋና ከተማ ከኡላንባታር ዳር ካለው የዳምዲን ጋራዥ በር ላይ አቆማት። የበግ ቅልጥም እየጋጠ ወረደ፤ ጮማው ከአገጩ ተንጠባጥቦ የሐር ካባውን አጨማልቆታል። ዳምዲን እየቀፈፈው ኮፈኑን ከፈተ። ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው ማኒፎልድ ሁለት ቡሎን ጎድሎት በሽቦ ተጠፍሯል።

«ቡሎን ሞልቶኛል፤ አንተ ማሰሩን ብቻ!» አለና ሰውዬው የብስኩት ቆርቆሮውን ዘረገፈ። የሌለ ዓይነት ቡሎን አልነበረም።

«ከየት ለቀምከው ይሄን ሁሉ?»

«ከጎቢ በረሃ መንገድ ነዋ! ተበላሽቶ የቆመ መኪና አልፎ መሄድ ባገራችን ነውር አይደል? እወርዳለሁ፣ ሞተሩን አያለሁ፣ ‹አይዟችሁ፣ ከተማ ስደርስ ሰው እልክላችኋለሁ› እላለሁ። ለድካሜ አንዲት ቡሎን ፈታ አደርጋለሁ! ለቆመ መኪና ምን ታደርግለታለች?»

ዳምዲን አንዷን ቡሎን አነሳ። ጭንቅላቷ ላይ፣ የወንድሙን መኪና ሲያድስ በገዛ እጁ የቀባቸው ሁለት ቀይ ነጥቦች አሉ። ወንድሙ ባለፈው የበረዶ ወራት መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽታበት፣ እርዳታ ሲጠብቅ እውስጧ ደርቆ ነው የተገኘው።

«ሰውስ ላክህላቸው?» አለ ዳምዲን፣ ቡሎኗን እንደያዘ።

ሰውዬው የመጨረሻውን መቅኒ መጠጠና ጣቶቹን ላሰ።

«ለየትኞቹ?»