አራስ ቤት የገባው ትንፋሽ

ልጄን ስወልድ እናቴ የበር ዘበኛ ሆነች። ከሰሜን በሥራ ተመድባ መጥታ እዚሁ አርባ ምንጭ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ሥርዓት ትወዳለች። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ በረንዳው ላይ በሳሙና ይታጠባል፣ አልኮል ይረጭበታል፣ ከዚያ «መሳም የለም! መንካት የለም!» ይባላል። ኮሮና ያስተማራትን አንዱንም አልረሳችም። የበሩን እጀታ ስትወለውል ትውላለች። ከላንቴ መንደር የመጣልኝን ሙዝ እንኳ በሳሙና አጠበችው፤ ኧረ የሰው ያለህ!

መስኮቱን ግን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ፣ ክፍተቱን በጨርቅ ወትፋዋለች። በአርባ ምንጭ ሙቀት! ላቤ ትራሱን አርሶታል። «እማዬ፣ በፈጠረሽ ትንሽ ክፈቺው» ስላት፣ «አርፈሽ ተኚ። አራስን ንፋስ ከመታት ዕድሜ ልኳን አትድንም» ትለኛለች። ጠያቂዎቹም ከእሷ ጋር ናቸው፤ ገና ሲገቡ በሩን ከኋላቸው ይዘጋሉ። ገንፎው እየተበላ፣ ሳቁና ምርቃቱ እየደራ፣ የሁላችንም ትንፋሽ እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ይዞራል።

አንድ ቀን ሲቀላ ሰፈር ሱቅ ያላት የእናቴ የዕድር ጓደኛ መጣች። ደግ ሴት ናት። «ጉንፋን ብጤ ይዞኛል፣ አልጠጋም» ብላ በሩ ጥግ ተቀመጠች። እጇን ታጥባለች፣ ልጄንም በጣቷ ጫፍ እንኳ አልነካቻትም። እየተጫወተች፣ መሃል መሃል እየሳለች ብዙ ቆየች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጄ ጡት እምቢ አለች። ደረቷ እየተሰረጎደ ታቃስታለች፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ሆስፒታል ስንደርስ ኦክስጅን አደረጉላት። ሞተችብኝ ብዬ ነበር።

እናቴ ሐኪሙን እጁን ይዛ፣ «ኧረ ዶክተር፣ ማንም አልነካትም! ሁሉንም አስታጥቤያለሁ!» አለችው።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መታጠቡ ጥሩ ነው፣ እናቴ። የጉንፋን ቫይረስ በእጅም ይተላለፋል። ግን ቫይረሱ ሰው ሲስል፣ ሲያወራም ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። ቤቱ ከተዘጋ አየሩ ላይ ይቆያል፤ መውጫ የለውም» አላት።

እኔ ተቃጥዬ ነበርና፣ «ክፈቺው አላልኩሽም?» ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩባት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ልጄ ተረፈች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤት ስንመለስ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጨርቁም ተነስቷል። እናቴ ግን ቤት ውስጥ የለችም። «እማዬ!» ብዬ ስጣራ ከውጭ፣ ከማንጎው ሥር፣ ሳሏን ሰማሁ። እሷንም ጉንፋኑ ይዟታል። ልጄን ታቅፌ ወደ መስኮቱ ስጠጋ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ራቅ አድርጊያት! ትንፋሼ እንዳይደርስባት!»

የልጅ ልጇን አንድ ጊዜ ለማቀፍ ስንት ዓመት የጸለየች ሴት ናት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። «ነይ ግቢ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አላልኳትም። ልጄን ይዤ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለስኩ።